የህንዷ ስለት

ሰዓዲያ እንድሪስ ባሏ ከሞተባት ወዲህ የኖረችው የሰው ልብስ እያጠበች ነው። ባሏ አህመድ የከብት ነጋዴ ነበር። አንድ ክረምት ሰንበቴ ገበያ ከአፋሮች የገዛቸውን ወይፈኖች እየነዳ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ለሷ የቀራት አንዲት ክፍል የጭቃ ቤትና ሸምሱ የሚባል ወንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሸምሱ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነው። እሱን ለማስተማር ስትል የመምህራኑን፣ የሾፌሮቹን፣ የጤና ረዳቱን ልብስ እየሰበሰበች ቦርከና ወንዝ ትወርዳለች፤ ድንጋይ ላይ ስታሸት ውላ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቋጠሮዋን ተሸክማ ከሚሴ ትመለሳለች።

ህንዶቹ የመጡት በስድሳ ሰባት ዓመተ ምህረት ነው። ሚስተር ራኦ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ኋላ ሸምሱንም አስተምሯል፤ ሚስቱ ከማላ ትባላለች፤ ላሊታ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ከዋናው መንገድ ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ተከራዩና ልብስ አጣቢና ወጥ ሠሪ ሲያፈላልጉ ሰዎች ሰዓዲያን ጠቆሟቸው። ጎረቤቷ ሀዲጃ ይህን ስትሰማ ደነገጠች።

«ጣዖት የሚያመልኩ ሰዎች እኮ ናቸው! ምን አጉርሰው ይሰዱሽ ይሆን?»

ሰዓዲያም ልቧ ስላልጣለው ሼህ ሙሀመድኑር ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ሼሁም፣ «ከብት አያርዱም አሉ፣ መጠጥም አይጠምቁም። ምስር መቼ ሐራም ሆኖ ያውቃል? ላብሽን ብዪ ልጄ» አሏት።

እንዲህ ሆኖ ገባች። ምስሩን በእርድ፣ ድንቹን በሚጥሚጣ፣ ሩዙን እነሱ እንደሚወዱት አድርጋ መሥራት ለመደች። ከማላ አማርኛ የለቀመችው ከባሏ ተማሪዎች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የምትለው። ሰዓዲያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ለመደችው። ላሊታ ደግሞ ከሰዓዲያ ጀርባ አልወርድ አለች። በኦሮምኛ ስታባብላት ውላ፣ ሕፃኗ አንድ ቀን ለእናቷ «ኮቱ!» ብላ ተጣራች። ከማላ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃ «ነይ» ማለት መሆኑን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

በስድሳ ዘጠኝ፣ ጥቅምት ላይ፣ የጨፋ ረግረግ ወባ ከተማውን አዳረሰው። ላሊታን በአንድ ማክሰኞ ጀመራት፤ እሁድ ማለዳ ሞተች። አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በነሱ ሥርዓት ትልቅ ሰው ይቃጠላል፣ ሕፃን ግን ይቀበራል። ቦታው ግን ከየት ይምጣ? የእስላሙ መቃብርም የክርስቲያኑም የሷ አይደለም። አብዶ የሚባል ገበሬ፣ ሰዓዲያ ብትለምነው፣ ከማሳው ዳር ካለች ዋንዛ ሥር ፈቀደላቸው። ሚስተር ራኦ ጉድጓዱን ካልቆፈርኩ ብሎ ዶማ አነሳና ክንዱ ዛለ፤ አብዶ ዶማውን ከእጁ ተቀብሎ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ከማላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሰዓዲያም አጽናንታት አታውቅም፤ አጠገቧ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች እንጂ።

ከዚያ ሰባ መጣ። የዚያን ዓመት ነገር የከሚሴ እናቶች ዛሬም ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ጥር ላይ ተማሪዎች አንድ ቀን ክፍል ጥለው ወጡ። የካቲት ሦስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሸምሱን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ያዙት። ሰዓዲያ ቀበሌ ስትደርስ ልጇ ከነደብተሩ ገብቷል። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በሰሃን ምግብ ቋጥራ ወሰደች። ባዶው ሰሃን ሲመለስላት ጠርዙን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተው ነበር። መጋቢት ሃያ አምስት ቀን በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ፊቱን አዙሮ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» አላት።

ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዓመት የማያውቅ ሰው አልነበረም። አብረዋት የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰዓዲያ ግን፣ «አዛውረውት ነው። ደሴ ወስደውት ነው» አለች። ሀዲጃ ልትይዛት ብትሞክር እጇን መነጨቀቻት። ወደ ቤቷም አልሄደችም። ቀጥታ ህንዶቹ ዘንድ ሄዳ ልብስ ዘፈዘፈች። ሚስተር ራኦ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አያትና ሳያናግራት ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያልፍ ሲያገድም አይኗን አይቶ አያውቅም። እሷም የፈራ መስሏት ነበር፤ ዘመኑ የሁሉም ሰው መፍሪያ ነበርና።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በኅዳር ወር መሆኑ ነው፣ ከማላ ድንገት ከዝምታዋ ነቃች። የድሮ ደብተር ሽፋን ቀዳ በጀርባው ላይ በእርሳስ መንገድ ትሥል ጀመር። ሰዓዲያ ሽንኩርት እየከተፈች ታያታለች።

«ምንድነው የምትሞነጫጭሪው?»

«ኬዳርናት» አለች ከማላ። «ተራራ ነው። የሺቫ ቤት። እኛ አምላክ።»

ከዚያ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ነገረቻት። ከአዲስ አበባ ቦምቤ በአውሮፕላን፣ ከቦምቤ ዴልሂ በባቡር፣ ከዴልሂ ሪሺኬሽ የሚባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ ከዚያ በአውቶብስ ሁለት ቀን ገደል ለገደል። አውቶብሱ ካቆመ በኋላ ደግሞ ቀን ሙሉ በእግር ሽቅብ። ላይ ከደረሱ ከድንጋይ የተሠራ መቅደስ አለ፤ ከኋላው በረዶ ብቻ ነው።

«በቅሎ የለም?»

«አለ። እኔ ግን በእግር ብዬ ተሳልኩ። ላሊታ ስታማት ተሳልኩ። ልጄን ካዳንህ በእግሬ እመጣለሁ አልኩ።»

ሰዓዲያ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አላዳናትም እኮ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ስለቱ ቀረ አይደለም እንዴ? እኛ ዘንድ ያልሠመረ ስለት አይከፈልም።»

«ልከፍል አይደለም» አለች ከማላ። «ልጠይቀው ነው። ለምን ብዬ። ቤቱ ድረስ ሄጄ።»

ሰዓዲያ ቢላዋዋን መልሳ አነሳች። በነሱ በኩልም ሰው ችግሩን ይዞ የወሊይ መቃብር ይወጣል፣ ዱዓ ያስደርጋል፣ እያለቀሰ ይለምናል። ሊጠይቅ የሚሄድ ግን ሰምታ አታውቅም። ነገሩን ለማለዘብ ያህል፣ «ያ ተራራ ሁልጊዜ ክፍት ነው?» ስትል ጠየቀች። ከማላም ግማሹን ዓመት በረዶ ስለሚዘጋው መቅደሱ ተቆልፎ፣ ምስሉን ተሸክመው ወደ ቆላ መንደር እንደሚያወርዱት ነገረቻት።

«ኧረ አላህ! አምላካችሁ ይበርደዋል እንዴ?»

ከማላ ልጅዋ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሰዓዲያ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዋን ስታሻት ቆየች።

መሄጃው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ሆነ። ሚስተር ራኦ ለዕረፍት ፈቃድና ለመውጫ ቪዛ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ደሴ ይመላለሳል፤ ከማላ ደግሞ እግሯን ታሰናዳለች። ወፍራም ሴት ናት፣ ደረቷም ደካማ ነው፤ ከቤቷ እስከ ገበያ ስትሄድ እንኳ ሦስቴ ታርፋለች። ሰዓዲያ «እንዲህ ሆነሽ ተራራ አትወጪም» አለቻትና እሁድ እሁድ ማለዳ ከከተማው በስተምዕራብ ያለውን ጋራ ታስወጣት ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ከግርጌው አላለፉም። ከማላ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጣ እንደ ወናፍ ስትተነፍስ ሰዓዲያ ሸማዋን ዘርግታ ጥላ ሠራችላት። በሁለተኛው ወር የከብቶቹ መንገድ እስከሚገነጠልበት ደረሱ። ከዚያ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ የጨፋ ሜዳ በሙሉ ይታያል፤ የአብዶ ማሳ፣ ከዳሩም ዋንዛዋ። ሁለቱም ያዩታል፤ ሁለቱም አያነሱትም።

በመጋቢት አንድ እሁድ ሲወርዱ አብዮት ጠባቂዎች ከታች ጠበቋቸው። ከማላን ወደ ቤቷ ሰደዷት። ሰዓዲያን ቀበሌ ወሰዷት። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሲጋራውን ያጨሳል።

«እዚያ ጋራ ላይ ማንን ነው የምታገኙት?»

«ማንንም። እግር ለማፍታታት ነው ጌታዬ።»

«እግር ለምን?»

«አምላኳ ተራራ ላይ ነው የሚኖረው። እሱ ዘንድ ልትሄድ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «አንቺ የአናርኪስት እናት አይደለሽም? ልጅሽን መቅበርሽ አንሶሽ ነው ደግሞ ተራራ የምትቧጥጪው?»

«ልጄን አልቀበርኩም» አለች ሰዓዲያ።

ለዚህ መልሷ ሦስት ቀን አሳደሯት፤ ሸምሱ በነበረበት ግቢ፣ ምናልባትም ሸምሱ በነበረበት ክፍል። ግድግዳው ላይ የተጫሩ ስሞች ነበሩ። ማንበብ አትችልም። ሁሉንም በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጋራው ቀረ። ከማላ የምስር ከረጢት ጀርባዋ ላይ አስራ ግቢዋን ትዞር ጀመር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል፣ ማታ አንድ ሰዓት ያህል። የሰፈሩ ሰው በአጥር ቀዳዳ እያየ አበደች አለ። እሷ ግን ወዙ በግንባሯ እየወረደ ዞረች። ሰዓዲያ ልብስ እያሰጣች «ነይ እስቲ፣ አንድ ዙር ጨምሪ» ትላታለች። በሰኔ ፈቃዱም ቪዛውም ወጣ።

የመጨረሻው ቀን፣ ሻንጣው ታስሮ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከማላ ሰዓዲያን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«እዚያ ስደርስ የላሊታን ስም እጠራለሁ» አለች። «የሸምሱንም ስም ልጥራ? አንተ ከፈቀድህ።»

ሰዓዲያ የመጀመሪያ ሐሳቧ ስለ ሃይማኖት ነበር፤ የእስላም ልጅ ስም በጣዖት ፊት! ነገር ግን አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ከማን ጋር ነው የምትጠሪው? ከሞቱት ጋር?»

ከማላ ልትጠጋት አንድ እርምጃ ተራመደች።

«ልጄ አልሞተም። ማን ሞተ አለሽ? ሬሳውን ያየ አለ? አምጥቶ የነገረኝ አለ? ዳግመኛ ስሙን እንዳታነሺ!»

ሰሃኑን ሳታጥብ ጥላ ወጣች። ንጋት ላይ ግን ልቧ አላስችል ብሏት አውቶብሱ መቆሚያ መጣች። ከማላ በመስኮት እጇን ዘረጋች። ሰዓዲያ ያዘቻትና፣ «በሰላም ያግባሽ። ስሙን ግን አትጥሪ» አለቻት።

«አልጠራም» አለች ከማላ።

ያ ክረምት ዝናቡ የጠነከረ ነበር። ሰዓዲያ የህንዶቹን ቤት እየጠበቀች፣ የሚያፈስበትን እየደፈነች፣ በሐሳብ ያን ተራራ ስትወጣ ከረመች። አሁን ባቡር ላይ ናት ትላለች፤ አሁን ወንዙ ዳር ያለው ከተማ ደርሳለች፤ አሁን እግሯን አንስታለች።

መስከረም ላይ ሚስተር ራኦ ብቻውን ተመለሰ።

«ከማላስ?»

«እናቷ ዘንድ ቀረች» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። ያቀረበችለትን ምግብ እንዳለ ይመልሰዋል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠራት።

«ሰዓዲያ፣ ቁጭ በይ።»

«እጄ ሳሙና ነው።»

«ይሁን። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። እሱም መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ዝናቡ መንገዱን ንዶት ተራራው ሥር ካለች መንደር ዘጠኝ ቀን ጠበቁ። በአሥረኛው ቀን በእግር ተነሡ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከማላ ትንፋሽ አጥሯት ድንጋይ ላይ ወደቀች። መንገደኛው በአጠገቧ ያልፋል፤ ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞች ሳይቀሩ ያልፋሉ። በበቅሎ እናውጣሽ ቢሏት እምቢ አለች። ከተቀመጠችበት ሆና፣ ገና ወደማይታየው መቅደስ ቀና ብላ፣ ለምን ስትል ጠየቀች። ጮክ ብላ፣ ደጋግማ።

«እሷን እየሰሙ መቆም አቃተኝ» አለ ሚስተር ራኦ። «አንቺ ምን አድርገሽ ነው፣ ሊጠየቅ የሚገባውስ እኔ ነኝ አልኳት። እዚያው ነገርኳት። ስንወርድ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ሪሺኬሽ ስንደርስ፣ ከሰዓዲያ እጅ ከእንግዲህ መብላት አልችልም፣ አንተ ተመልሰህ ንገራት፣ ካልነገርካት ወደ እኔ እንዳትመጣ አለችኝ።»

«ምኑን ነው የምትነግረኝ?»

«ተማሪዎቹ ክፍል ጥለው በወጡ ማግስት ሁለት ሰዎች ጠሩኝ። ያን ቀን ከክፍል የቀሩትን ልጆች ስም ዝርዝር ስጠን አሉ። ከስም መቆጣጠሪያዬ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ሸምሱ ስድስተኛው ነው።»

በረንዳው ላይ ዝንብ ይጮኻል። የሰዓዲያ እጅ ላይ ያለው አረፋ እየደረቀ ነበር።

«ለምን እንደፈለጉት ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር» አለ። ከዚያም፣ «አውቅ ነበር» አለ።

«ከዚያስ?»

«መጋቢት ሃያ ሁለት ቀን መጥተው ሦስት ስም ሰርዝ አሉኝ። ሌሊቱን ነው፣ አልቋል አሉ። የሸምሱንም በቀይ ሰረዝኩት።»

ሰዓዲያ ዘበኛው ስንቅ አታምጪ ያላትን ቀን አሰበች። ሃያ አምስት ነው። ሃያ ሁለትን፣ ሃያ ሦስትን፣ ሃያ አራትን ምግብ አድርሳለች፤ በሃያ አራት እንዲያውም ሀዲጃ ያመጣችላትን ቅቤ ጨምራበት ነበር። ሰሃኖቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ተመልሰውላታል።

«ማን በላው?» አለች።

ሚስተር ራኦ አልገባውም።

«የሦስቱን ቀን ማን በላው?» አለችና ተነሣች። ደረጃውን ወርዳ ልብስ ማስጫውን ገመድ ይዛ ቆመች። እሱ ሊጠጋት ሲነሣ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ባትሰጣቸውም ይወስዱት ይሆናል» አለችው። «ይሆናል። የሰጠኸው ግን አንተ ነህ።»

ከዚያ ወጥታ ቀጥታ ሼህ ሙሀመድኑር ዘንድ ሄደች። ሼሁ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ሼህ፣ ልጄ ሞቷል» አለች። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ሶላት አልተሰገደበትም። ይሰገድልኝ።»

ሼሁ ወደ መንገዱ ቃኙ። በአብዮታዊ እርምጃ ለተገደለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው፤ በዚህ የታሰሩ ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሬሳው ላልተገኘም ሰው የሚሰገድ ሶላት አለ። ሰኞ ቀትር፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ አንቺው ቤት» አሉ።

ሰኞ ዕለት አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ ገበሬው አብዶ፣ ቀጥሎ የሀዲጃ ባል ከሌላ አንድ ጎረቤት ጋር፣ በመጨረሻ ሼሁ። በሩ ተዘጋ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አራቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ሰዓዲያና ሀዲጃ ከኋላ ሆኑ። ድምፅ እንዳይወጣ ሼሁ «አላሁ አክበር» የሚለውን ተክቢራ በሹክሹክታ አሉት። ሩኩዕም ሱጁድም፣ ማጎንበስም መደፋትም፣ የሌለበት ሶላት ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ሰዎቹ «አላህ ይማረው፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብለው፣ እንደመጡት አንድ በአንድ፣ እየተጠባበቁ ወጡ። ያን ጊዜ ሰዓዲያ ሀዲጃ ጭን ላይ ተደፍታ የኖረችበትን ዓመት ከመንፈቅ በሙሉ አለቀሰችው፤ ሀዲጃ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ በነጠላዋ አፏን ይዛ።

ህንዱ ቤት ተመልሳ አልገባችም። ቁልፉን በሀዲጃ ላከችለት። ሚስተር ራኦ ውሉ እስኪያልቅ ብቻውን ኖሮ ሰኔ ላይ ሊሄድ ሲል ደጇ ድረስ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመች አናገረችው።

«ከማላ ነገርካት ወይ ብላ ከጠየቀችህ፣ ሰማሁ ብላለች በላት» አለች።

«ሌላስ?»

ሰዓዲያ ይቅር የምትለው መስሎት ይጠብቅ ነበር። እሷም ቃሉን ፈልጋ ነበር፤ ወላሂ ፈልጋ ነበር፤ አላገኘችውም።

«በሰላም ግባ» አለችው።

አንገቱን ደፍቶ ወደ አውቶብሱ ሄደ። ሰዓዲያ ያን ቀን የጤና ረዳቱን ካኪ ልብስ ማድረስ ነበረባት፤ ቋጠሮዋን አንስታ ቦርከና ወረደች።